ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰሜን

ደገኛ መንገድ ሲጠየቅ የሚመልሰው በአገጩ ነው። አገጩን ቀና ያደርግና «እዚህ ማዶ ናት» ይላል። ጠያቂው የከተማ ሰው ከሆነ ደስ ይለዋል። ማዶውን ያየዋል፤ ቤቶቹን ያያል፤ ከጣሪያው የሚወጣውን ጭስ ያያል፤ የውሻ ጩኸት እንኳ ይሰማዋል። «ቡናው ሳይፈላ እንደርሳለን» ብሎ ይነሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ገደሉ ወገብ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ማዶ የተባለችው መንደርም አሁንም ማዶ ናት። ይህ ሰው አዲስ አበባ ሲመለስ «የገጠር ሰው ርቀት አያውቅም» ብሎ ያወራል። ሰሚው ይስቃል፤ ወሬውም ከሠርግ ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ወደ ቢሮ ሲዞር ይኖራል።

ስም ማጥፋት ነው። ደገኛው ርቀት አሳምሮ ያውቃል። ምስክሬም ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ካርታ ነው።

ካርታው የሰሜን ተራሮች ቶፖግራፊ ካርታ ነው፤ ስኬሉ 1፡50,000። የገዛሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ከሚዘረጋ ሰው ነው። ሻጩ ዘቅዝቆ ይዞ ሲያሳየኝ «የጣሊያን ጊዜ ነው» አለኝ። አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ከጣሊያን ጊዜ ያነሰ ዕድሜ የለም፤ የልብስ ስፌት መኪናውም፣ ፋኖሱም፣ በደርግ ዘመን የታተመው የገበሬ ማኅበራት መመሪያም የጣሊያን ጊዜ ነው። ካርታው ግን ኅዳጉ ላይ አማርኛ የተጻፈበት፣ የገዛ አገራችን ካርታ ሠሪዎች ያሳተሙት ነበር። ይህን ብነግረው ዋጋው ይቀንሳል ብዬ ነገርኩት። «እንግዲያማ የመንግሥት ነዋ!» ብሎ ጨመረበት።

ቤት ሲገባ ጭቅጭቁ መስቀያ ላይ ሆነ። የኛ ሰው የሳሎን ግድግዳ የተያዘ ነው። የሠርግ ፎቶ አለ፤ ጥቁር ካባና ባርኔጣ ያጠለቁ ልጆች አሉ፤ ሥዕለ ማርያም አለች፤ ከባንክ የተሰጠ የዓምና ቀን መቁጠሪያ አለ። ባለቤቴ ከብዙ ድርድር በኋላ የሰጠችኝ በቴሌቪዥኑና በመስኮቱ መካከል ያለውን ቦታ ነው፤ መጋረጃው ሲሳብ ግማሹን ሰሜን ይሸፍነዋል።

ጎረቤታችን እትዬ ለቡና ሲመጡ አዩት።

«ካርታ ወጣላችሁ?» አሉ፣ እልል ሊሉ እየቃጣቸው።

«አዎ እትዬ። የሰሜን ነው።»

«ስንት ካሬ ነው?»

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ወረቀት በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ ይሸፍናል። ይህ በመሬት ላይ ቁመቱም ወርዱም 27 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። «750 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ነው» አልኳቸው። «ወረቀቱ ደግሞ ሁለት ነው፤ ሲደመር 1,500።»

እትዬ ተቀመጡ። ትንሽ ዝም አሉና «ነባር ነው ሊዝ?» አሉኝ።

ሌላው እንግዳ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ካርታውን ሲያይ ጣቱን ይቀስርና የተወለደበትን አገር ይፈልጋል። ሰሜን መሆኑ አያግደውም። የአሰላ ተወላጅ የሆነ ወዳጄ ከደባርቅ ማዶ ባለው ገደል ውስጥ አሰላን ሲፈልግ ቡናው ቀዘቀዘበት። «ይሄ እኮ ሰሜን ነው» ብለው «ቢሆንም» አለኝ። ሲያጣው በካርታው ላይ ያለው እምነት ተሸረሸረ፤ እስከ ዛሬም ሲያልፍ በንቀት ነው የሚያየው።

ሁለት ወረቀት የሆነበት ምክንያት አለው። አገር በካርታ ሲቆራረጥ የሚቆረጠው በኬክሮስና በኬንትሮስ ነው፤ ተራራው የት እንዳለ አይጠየቅም። የቧሂት ተራራ ከ38 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ መስመር በስተምዕራብ ነው፤ ራስ ደጀን በስተምሥራቅ። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ አይገናኙም። በየአገሩ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚያውቀው ሕግ ነው፤ የምትሄድበት ቦታ ሁልጊዜ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። እኔም ሁለቱን በፕላስተር አጣብቄ ቧሂትን ከደጀን ጋር አስታርቄያለሁ። ፕላስተሩ በሁለቱ መካከል ባለው አገር ላይ ያልፋል፤ ብዙ ሰው ያለፈው በላብ ነው።

ኅዳጉ ላይ ካሉት ምልክቶች የምወዳት ሦስት ቀስት ያላት ትንሽ ሥዕል ናት። አንዱ ቀስት እውነተኛው ሰሜን ነው፤ የምድር ዘንግ የሚያመለክተው። ሁለተኛው የግሪድ ሰሜን ነው፤ በወረቀቱ ላይ የተሰመሩት ቀጥ ያሉ መስመሮች የሚያሳዩት። ሦስተኛው የማግኔት ሰሜን ነው፤ ኮምፓስ የሚከተለው፣ ከዓመት ዓመት ቦታውን የሚቀያይር። ሦስቱ አይስማሙም፤ ካርታ ሠሪውም አላስታረቃቸውም፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ሄዷል። የሰሜን ካርታ ላይ ሦስት ሰሜን መኖሩ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው አይገርምም። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ለራሳቸው ንግሥ አሰናድተው ሳለ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ድል አድርገዋቸው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት አገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቡናማዎቹ መስመሮች ልምጣ። ቶፖግራፊ ካርታ ላይ ሰማያዊው ውኃ ነው፣ አረንጓዴው ዕፀዋት፣ ቀዩ መንገድ፣ ጥቁሩ የሰው ቤትና የቦታ ስም። ከሁሉ የሚበዛው ግን ቡናማው ነው። እሱ ኮንቱር ይባላል። የኖኅ ዘመን ውኃ ተመልሶ መጥቶ በ20 ሜትር በ20 ሜትር እየጨመረ ደጋውን ቢውጠው፣ በየደረጃው የሚረግጠው ዳርቻ ያ መስመር ነው። አምስተኛው መስመር ሁልጊዜ ይወፍራል፤ ቆጣሪው እንዳይደናገር። መስመሮቹ ከተራራቁ ሜዳ ነው፤ በቅሎ ይሰግራል። ከተቀራረቡ ዳገት ነው። ከተጣበቁ ደግሞ ጸሎት ነው። እሜት ጎጎ በሚባለው ገደል ላይ መስመሮቹ ተጣብቀው አንድ ቡናማ እድፍ ይሆናሉ፤ ወረቀቱ ላይ ቡና የፈሰሰ መስሏት ባለቤቴ በጨርቅ ልትጠርገው ሞክራለች።

ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ ብናስቀምጥ ከቧሂት እስከ ደጀን ከአንድ የተማሪ ማስመሪያ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ስኬል 2 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በአየር ከ15 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ 15 ኪሎ ሜትር ማለት ከመሃል ከተማ ተነስቶ ዳር ወጥቶ ማደር ነው፤ በታክሲ ሰልፉ ይበልጣል። ይህን ልኬት አምኖ የሚነሳ ሰው ነው «ርቀት አያውቅም» መባል ያለበት።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሣሪያ ይዞ መንገደኛ የሚያጅበው ስካውት ይህን ሁሉ ሳያሰላ ያውቃል። እኔን ያጀቡኝ ሰው በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ ግን እኔን «ጋሼ» ይሉኛል፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሁሉ የሚሰጥ ማዕረግ ነው መሰለኝ። ጨነቅ ከሚባለው ካምፕ ተነስተን የቧሂትን ማለፊያ ስንጨርስ ደጀን ፊት ለፊታችን ገጭ አለ።

«አባባ፣ ደጀን የቱ ነው?»

«ያው፣ ማዶ።» አገጭ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?»

«ኪሎ ሜትሩን እንጃ። ዛሬ አምቢቆ እናድራለን። ነገ በሌሊት ከተነሳን ረፋዱ ላይ አናቱ ላይ ነን።»

«በዓይን ግን ቅርብ ነው።»

«በዓይንማ! አሞራ ቢሆኑ ኖሮ ቁርስዎን እዚያ ይበሉ ነበር።»

ቀጥለው የነገሩኝ ዝርዝር ሁሉ በሰዓትና በዳገት ነበር። ይህ ቁልቁለት ለበቅሎ ክፉ ነው፣ እዚህ ጋ ውኃ አለ፣ ወንዙን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳያልፍ መሻገር ነው፣ ከወንዙ በኋላ ያለችው ዳገት ትንሽ ናት ግን ታናድዳለች። አንዲት ኪሎ ሜትር አልተነሳችም።

ኋላ ቤት ገብቼ መስመሮቹን ቆጠርኩ። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ማለፊያው 4,200 ገደማ። 29 ቡናማ መስመር ሽቅብ። መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚፈሰው፤ ከማለፊያው 70 መስመር ቁልቁል። ከወንዙ እስከ አምቢቆ፣ እስከ 3,200 ሜትር፣ 20 መስመር ሽቅብ። ድምሩ 119 መስመር፣ ቁመቱ ሲደመር 2,380 ሜትር። ቀኑን ሙሉ ተራራ ሲወጣ የዋለ መንገደኛ ማታ የሚተኛው ጧት ከተነሳበት 420 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው! ይህን የሚያውቁ ሁለት ናቸው፤ ቡናማው መስመርና ስካውቱ። ስልኬ የሰጠችኝ ግን ቀጥታውን ርቀት ነበር፤ ስልክ ጉልበት የላትም።

በነገራችን ላይ ፈረንጆችም ይህን ሒሳብ በሕግ ሊያስሩት ሞክረዋል። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. አንድ ደንብ ጻፈ። በእኛ መለኪያ ሲመነዘር ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ተጨማሪ የሚል ነው። ዛሬም ተራራ የሚወጡ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ከጨነቅ እስከ አምቢቆ ያለውን ጠመዝማዛ የእግር መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ በኔይስሚዝ ሕግ አራት ሰዓት ለመንገዱ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ለዳገቱ፤ ከስድስት ሰዓት ያነሰ ነው። ስካውቱ ግን «ጧት 12 ሰዓት ተነስተን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገባለን» ነበር ያሉት፤ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ። የገባነውም በዚያው ነው። ስኮትላንዳዊው ቁልቁለቱን በነፃ ሰጥቷል። 1,400 ሜትር ቁልቁል የወረደ ጉልበት በነፃ የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃል። ሌላም የረሳው አለ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ማለት። ስካውቱ ከያንዳንዱ መንገደኛ ጋር ደህና ዋላችሁ፣ ከብቱ ደህና፣ ገብሱ ደህና፣ ልጁ ደህና ሲባባሉ የሚያልፈው ጊዜ በየትኛውም ደንብ ውስጥ አልተጻፈም፤ የሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ግን ገብቷል።

ስለ ደጀን ቁመት ደግሞ አንድ ያልተፈታ ቅሬታ አለ። እኛ ተማሪዎች ሳለን ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ነበር። 4,620 ያልጻፈ ዜሮ ያገኝ ነበር። በኋላ የመጡ ካርታዎችና መጻሕፍት 4,543 አሉ፤ ሌሎቹ 4,533፤ አሁን አሁን ደግሞ 4,550 ይበዛል። ተራራው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ግን ከ70 እስከ 87 ሜትር አጥሯል። ማዕረጉ አልተነካም፣ አሁንም ራስ ነው፤ የሰሜኑ ገዥ ውቤ ደጃዝማች በነበሩበት ዘመንም እሱ ራስ ነበር። ግን በ4,533 ምክንያት ዜሮ የተሰጣቸው ጎበዞች ካሉ ወረቀታቸው ድጋሚ ይታረም ዘንድ ይገባል።

ቁጥሩ የሚዋልለው ልኬቱ ከባድ ስለሆነ ነው። ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል አገራችንን የዞረው አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ከፍታ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ውኃ ማፍላት ነበር። ውኃ ከፍ ባለ ቦታ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየቀነሰ 4,000 ሜትር ላይ 87 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። እንግዲህ ያየው ገበሬ ምን እንዳሰበ ገምቱ። ነጭ ሰው ጫፍ ድረስ ይወጣል፤ እሳት ያነዳል፤ ውኃ ይጥዳል፤ ሲፈላ መስታወት ነገር ይነክርበታል፤ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ውኃውን ደፍቶ ይወርዳል። ቡና የለም፣ ሽሮ የለም! በዚህ ዘዴ የግማሽ ዲግሪ ስህተት 150 ሜትር ታመጣለች፤ ከዚህ አንጻር የኛ ተራራ በ70 ሜትር መዳኘቱ ርኅራኄ ነው። ዳባዲ ውኃ በማፍላት ብቻ አልቆመም፤ ከተራራ ተራራ እያነጣጠረ በማዕዘን ለክቶ ሰፊ የአገራችንን ክፍል በካርታ አስፍሯል። ኋላ አገሩ ገብቶ ሄንዳይ በምትባል የባሕር ዳርቻ ግንብ ሲያሠራ የምግብ አዳራሹን ወንበሮች በአማርኛ ፊደል አስጊጧቸዋል። ከኛ ጋር አሥር ዓመት የዞረ ሰው ወንበር ቢናፍቅ አይፈረድበትም።

ካርታ ሲበላሽ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ዓድዋ ላይ ታይቷል። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት የጣሊያን ብርጌዶች ሲንቀሳቀሱ ጄኔራል ባራቲየሪ ለአዛዦቹ የሰጠው የእጅ ንድፍ ካርታ ነበር። በዚያ ንድፍ ላይ ኪዳነ ምሕረት የሚል ስም የተጻፈበት ኮረብታ የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው አልነበረም። ጄኔራል አልቤርቶኔ የተባለበት ቦታ ሲደርስ የአገሩ መንገድ መሪ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት እንደሆነ ነገረው። አልቤርቶኔም ኪሎ ሜትሮች ወደፊት ገፍቶ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ኢትዮጵያውያን እጅ ውስጥ ወደቀ። ስለ ድሉ ምክንያት ብዙ ተጽፏል፤ የጀግንነቱን ድርሻ ማንም አይነካውም። እኔ የምጨምረው አንዲት ነገር ናት። መንገድ መሪው ትክክል ነበር፤ ወረቀቱ ነው የተሳሳተው። ኋላ የመጡት ካርታ ሠሪዎች ይህን ያወቁ ይመስላል። የአየር ፎቶግራፍ ኮረብታውን ያሳያል እንጂ ስሙን አይናገርም፤ ስለዚህ ደብተር የያዘ ሰው በእግሩ ሄዶ ገበሬውንና እረኛውን መጠየቅ ነበረበት። የኔ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ከቧሂት ሌላ ለእያንዳንዷ ጅረትና ሸንተረር ስም ያለው ለዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ኢንጂነሪንግ የሚማረው፣ ካርታውን ሲያይ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ስልክ ላይ አለ።» አለ፤ አልካድኩም። ጂፒኤሱን ከፍቶ በስልኩ ያገኘውን ቁጥር የኔ ወረቀት ላይ ሲፈልገው ግን ቦታው ወደ 200 ሜትር ግድም ሸሽቶ ወደቀ። «ካርታህ ተሳስቷል» አለኝ። አልተሳሳተም። ኅዳጉ ላይ አዲንዳን የሚል ቃል ተጽፏል። ካርታ ሁሉ ከአንድ መነሻ ነጥብ ይለካል። የኛዎቹ አሮጌ ካርታዎች የተንጠለጠሉበት መነሻ አዲንዳን ነው፤ አባይ ዳር፣ ግብፅና ሱዳን በሚዋሰኑበት በኑቢያ አገር። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ከኛ መንግሥት ጋር የአባይን ተፋሰስ ሲያጠኑ ልኬቱ ከዚያ ተነስቶ ወደኛ ዘለቀ። ዛሬ ስልካችን የሚከተለው መነሻ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ሳያስታርቅ የሚጠቀም ሰው ያን 200 ሜትር ይከፍላል። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። እሜት ጎጎ ላይ ግን 200 ሜትር ማለት በመሬትና በአየር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከግብፅና ከሱዳን ጋር በአባይ ውኃ ስንከራከር ኖረናል፤ የኛ ተራሮች ቦታ የሚቆጠረው ግን ከነሱ ደጃፍ ጀምሮ ነበር።

ካርታው የማይሻር ጥቅም ያለው ግን ዛሬ በሌለ ነገር ላይ ነው። ግጭ የሚባለው ቦታ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥቦች አሉ። ቤቶች ናቸው። ግጭ ዛሬ የጓሳ ሣርና የጅብራ አገር ነው፤ ጭላዳ ይሰማራበታል። መንደሩ ፓርኩ ውስጥ ስለነበረ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዋልያው ጠቀመው፣ ጥሩ ነው። ሰዉስ? ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። የኔ ወረቀት ግን መልቀቂያ አልደረሳትም፤ ቤቶቹን እንደያዘች ናት። አንድ ልጅ ነገ «አያቶቼ ከየት ነው የተነሱት?» ቢል ጣት የሚቀሰርበት እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ምን እንደሚሠራ ያየ አይቷል። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ መዛግብት ውስጥ ለዘመናት ተቀምጠው ነበር። በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ በያንዳንዱ ሰሌዳ አራት ፎቶ፣ አንዱ ወደ ታች በቀጥታ፣ ሦስቱ በሰያፍ የተነሱ። ሰሌዳዎቹ ከ8,000 በላይ ናቸው። የቤልጂግ ጌንት ዩኒቨርሲቲና የኛ ባለሙያዎች ተባብረው አወጧቸው፤ ዛሬ ያኔ የነበረው ደን የት እንደደረሰ፣ የትኛው ተራራ እንደተራቆተ፣ የትኛው ተመልሶ እንደለመለመ በነዚያ ፎቶዎች እየተመሳከረ ይጠናል። ወራሪው የተኮሰውን ቆጥረን አንጨርስም፤ ያነሳውን ፎቶ ግን ባንጥልለት ደግ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ ድሮ መሬት ቀያሽ፣ የመንገድ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ወይም የጦር መኮንን የነበረ ዘመድ ካለ፣ አልጋው ሥር ያለውን ቱቦና ሣጥን ክፈቱ። ቡናማ መስመር የበዛበት ሰፊ ወረቀት ካገኛችሁ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ አትስጡት፤ እሱ የሚገዛው በኪሎ ነው፣ በርበሬ ሻጭ ይጠቀልልበታል። ለወመዘክር ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ክፍል አስረክቡ። ስትወስዱት ደግሞ አትጠፉት፣ ጠቅልሉት፤ ካርታ መቀደድ የሚጀምረው ከእጥፋቱ ነው።